ስም የሌለው ራጅ

ሰው ከሥራው በሁለት መንገድ ይነሳል፤ በቁጣና በትሕትና። በቁጣ የተነሳ ቢያንስ የሚረግመው አያጣም። በትሕትና የተነሳ ግን «እናመሰግናለን» የሚለው መስመር ላይ ሲደርስ እንኳን ሊራገም፣ አሜን ሊል ይቃጣዋል። የራጅ ክፍሉ ጸሐፊ አርብ ጠዋት ጠረጴዛዋ ላይ ያገኘችው ደብዳቤ ከሁለተኛው ዓይነት ነበር።

«ከፊታችን ሰኞ ጀምሮ የዶክተሩ ንባቦች ያለ አራሚ ከታብሌቱ በቀጥታ ወደ መዝገብ እንዲገቡ፣ እርስዎም ወደ ካርድ ክፍል ተዛውረው እንዲሠሩ ተወስኗል። እስካሁን ላሳዩት ትጋት እናመሰግናለን።» ከሥሩ «በዶክተሩ ጥያቄ መሠረት» ይላል። ከእሱም ሥር ፊርማው አለ። ፊርማውን ከሺህ ፊርማ መሃል ለይታ ታወጣዋለች።

በሆስፒታሉ ማንም በስሟ አይጠራትም። «ጆሮ» ነው የምትባለው። ስሙ የወጣላትም በእሱ በዶክተሩ ምክንያት ነው። ሰውየው ራጅ ሲያነብ ተናገረ አይባልም፤ ያጉተመትማል እንጂ። ግማሹን ቃል ይውጠዋል፣ ግማሹን ከጥርሱ ሥር ያስቀረዋል። ንባቡን ከመቅረጫ እየሰሙ ይተይቡለት የነበሩ ሦስት ጸሐፊዎች «ኧረ በሕግ!» ብለው ሸሽተውታል። እሷ ግን በገባች በሁለተኛው ሳምንት አንዲት ቃል ሳትስት ትተይበው ጀመር። ስምንት ዓመት በጆሮ ማዳመጫ አብረው ኖሩ ቢባል ውሸት አይደለም። ተኝቶ እንዳላደረ ከመጀመሪያው ቃል ታውቃለች። የሕፃን ልጅ ክፉ ራጅ እጁ ሲገባ ድምፁ ዝቅ ይላል፤ ያንንም ታውቃለች። ሰው በዓይኑ ይወዳል ይባላል፤ እሷ በጆሮዋ ነው የወደደችው። ፊቱን ደፍራ ሳታየው ትንፋሹን ለምዳዋለች።

እሱም ቢሆን ድንጋይ አይደለም። አንድ ቀን የአንድ ሽማግሌ ጉልበት አንብቦ ከጨረሰ በኋላ መቅረጫውን ሳያጠፋ «ይህ አይጻፍ። ጸሐፊዋ፣ ምሳ ሳትበላ ዋለች አሉኝ፤ ደግ አይደለም» አለ። ከዚያ ወዲህ በየንባቡ መጨረሻ «ይህ አይጻፍ» እያለ አንዳንድ ነገር ጣል ያደርግላት ጀመር። ሌላው ሰው ደብዳቤ ይጽፋል፤ የእነሱ ደብዳቤ በተሰበረ እግርና በተጣመመ ወገብ መጨረሻ ላይ የሚንጠለጠል ነበር። እሷ የማትጽፈውን ነበር ይዛ ቤቷ የምትገባው።

ከስድስት ወር በፊት ታብሌቱ መጣ። የሚናገሩትን ሰምቶ ራሱ የሚጽፍ። የእሷ ሥራ ድምፁን እየሰማች ማሽኑ የጻፈውን ማረምና ማጽደቅ ሆነ። ባረመችው ቁጥር ማሽኑ ይማራል። ራጅ አንሺው ሽማግሌ፣ ቀኑን ሙሉ በሽተኛውን «አትተንፍስ! አትተንፍስ!» ሲል ስለሚውል ጋሽ አትተንፍስ የሚባለው፣ ይህን አይቶ «አንቺ ልጅ፣ ወንበርሽን የሚነጥቅሽን ጡት እያጠባሽ ታሳድጊዋለሽ» ብሎ ስቆባታል። ዶክተሩም በመጀመሪያው ሳምንት ረስቶ «ይህ አይጻፍ፣ ናፍቀሽኛል» ቢል ማሽኑ ምን አለበት፣ ከአንዲት አሮጊት የዳሌ ስብራት ሥር አጥርቶ ጻፈው። እሷ ሮጣ አጠፋችው። ሁለቱም እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ከዚያ በኋላ ግን እሱ ተጠነቀቀ፤ ያቺ የንባብ መጨረሻ ቀረች።

በምትኳ ቤቱ ወሰዳት። ከአራት ወር በፊት፣ እሑድ ቀን፣ እናቱ ዘንድ። አሮጊቷ በትልቁ ሳሎን ሻያቸውን በማንኪያ እያማሰሉ «ለመሆኑ ምን ትሠሪያለሽ የኔ ልጅ?» አሏት።

«ከልጅዎ ጋር ነው የምሠራው። እሱ የሚናገረውን እጽፋለሁ።»

«ደግ ነው» አሉ አሮጊቷ። «እኛ ቤትም ሹፌሩ፣ ሠራተኛዋ፣ ሁሉም እሱ የሚለውን ሰምቶ ነው የሚሠራ።»

«እማዬ!» አለ እሱ፣ ጆሮው እስኪቀላ ደንግጦ። በመኪና ሲመልሳት እጇን ይዞ «አትስሚያት» አላት። «ሥራዬ መስማት ነው» ብላ ቀለደች፤ ሳቀላት። የመጨረሻው ሳቅ ያ ነበር። በማግስቱ ሳምንት ዶክተሩ ሌላ ሰው ሆነ። ስልኳን አያነሳም፤ ኮሪደር ላይ ሲያገኛት ሰላምታዋን ለጫማው ይመልሳል። እሷም «አንተ»ን ትታ ወደ «እርስዎ» ተመለሰች። ይሄ የእናቱ ሥራ ነው፣ ሌላ ምን ይሆናል! ሀብታም እናት በአንድ ማንኪያ ሻይ ስንቱን ታማስላለች። አራት ወር ሙሉ አሮጊቷን በሆዷ ስትራገም ከረመች። እነሆ ዛሬ ደግሞ ከቤቱ ያስወጣት ከጆሮዋም ሊወጣ ፈርሟል።

በደብዳቤው ውስጥ ደግሞ አንድ ዓይን ያወጣ ውሸት አለ። «ማሽኑ አራሚ የማያስፈልገው ደረጃ ላይ በመድረሱ» ይላል። የሌሎቹን ሐኪሞች ንባብ በተመለከተ እውነት ነው። የእሱን ግን ማሽኑ ካለፈው ወር ወዲህ ጭራሽ እየሳተው መጥቷል። ድምፁ ሻክሯል፤ «ጉንፋን ነው» ብሏል ለጠየቀው ሁሉ። በአንድ ንባብ ሦስት ስህተት ታርም የነበረችው ጸሐፊ አሁን ሠላሳ ታርማለች። ለማንም አልተናገረችም፤ ዝም ብላ ታስተካክልለታለች። እንግዲህ የማታስፈልገው ለማሽኑ ሳይሆን ለእሱ ነው። 

አሥራ አራት ንባቦች ቀርተዋት ነበር። ካፈርኩ አይመልሰኝ ብላ ትታ መሄድ ትችላለች፤ ግን የሰው ጤና ነው። አንድ በአንድ እየሰማች አረመች። እስከ ከሰዓት በኋላ አሥራ ሦስቱ አለቁ። አሥራ አራተኛውን ስትከፍተው የስሙ ቦታ ባዶ ነው። ቁጥር ብቻ አለው። «ወንድ፣ አርባ አንድ ዓመት።»

ጽሑፉ ላይ አንዲት ስህተት የለም። ንጹሕ ነው። ልታጸድቀው ጣቷን አነሳች፤ የልማድ ነገር ሆኖ ግን አስቀድማ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አደረገች።

ዶክተሩ አያጉተመትምም። እንደዚህ ሲናገር በስምንት ዓመት ሰምታው አታውቅም፤ ቃሉን አንድ በአንድ፣ ለሕፃን እንደሚያስጠና ሰው ነጥሎ ነጥሎ ያወጣዋል። «በግራ ሳንባ። ከልብ በላይ። ስድስት ሴንቲ ሜትር የሚሆን እብጠት ይታያል።» ከዚያ ዝም አለ። የወንበር መንቋቋት ተሰማ። የዝምታውን ርዝመት ከሰዓቱ ላይ ተከተለችው፤ አሥራ ዘጠኝ ሰከንድ። ማሽኑ ከዚያ ሁሉ አንዲት ነቁጥም አልጻፈም። «በቀኝ ሳንባም። ሦስት ትናንሽ እብጠቶች አሉ። ከአራት ወር በፊት ከተነሳው ራጅ ጋር ሲነጻጸር። በእጥፍ አድጓል።» ሳል መጣ፤ ከአፉ ራቅ ብሎ፣ በእጅጌ የታፈነ። «በቀኝ ትከሻ ላይ። የልጅነት የሚመስል። የቆየና የገጠመ ስብራት አለ።»

ማዳመጫውን ከጆሮዋ አወረደችው። ትከሻው! የስምንት ዓመት ልጅ ሳለ ከብስክሌት ወድቆ የሰበረው፣ አጥንቱ ጉብ ብሎ የገጠመው፣ በአንድ ደግ ቀን «እዚህ ጋ ንኪው» ብሎ ጣቷን ያሳረፈበት ትከሻ። ይሄ ሰው የገዛ ሞቱን እያነበበ እንኳ የቆየ ስብራት አልፎ መሄድ አልሆነለትም።

አራት ወር! ከእናቱ ቤት ከተመለሱ በማግስቱ ሳምንት! ክው ብላ ቀረች። የእናቱ ነገር አልነበረም። ሻዩም፣ ማንኪያውም፣ ሹፌሩም፣ አንዱም አልነበረም።

ታብሌቱን ታቅፋ ስትወጣ ጋሽ አትተንፍስ የራጅ ማንሻው በር ላይ ቆሟል። ፊቷን አየና ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ።

«አንስተኸዋል አይደል ጋሼ? አንተ ነህ ያነሳኸው?»

«ቃል አስገብቶኛል እኮ ልጄ...»

«ሁለቱንም ጊዜ?»

«ሁለቱንም ጊዜ።» ሽማግሌው ቆብ ባይኖረውም ቆብ እንደሚያወልቅ ሰው ራሱን ዳሰሰ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ብዬ ስንት ለመንኩት መሰለሽ። ስሜን አታስገባ አለኝ። ስም ከሌለው ደግሞ ንባቡ ወደ ዕጢ ሐኪሙ አይሄድም፤ እዚያው ቁጥሩን ይዞ ይቀመጣል። አትተንፍስ ስለው ሳቀብኝ። ‹እሱንማ ጀምሬዋለሁ› አለኝ።» ሽማግሌው ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ። እሷም አላጽናናችውም፤ የምታጽናናበት አንጀት አልቀረላትም።

የንባብ ክፍሉ ሁልጊዜ ጨለማ ነው፤ ብርሃን የሚመጣው ግድግዳው ላይ ከተደረደሩት የራጅ ማሳያ መስኮቶች ብቻ ነው፣ የሰው ጎድን፣ የሰው መንጋጋ። ዶክተሩ ጀርባውን ሰጥቶ ተቀምጧል። ኮቱ ሰፍቶታል። እንዴት እስከ ዛሬ ይሄን አላየችም? በጆሮዋ ብቻ ስትከተለው ዓይኗን ረስታው ኖሯል።

«ዶክተር፣ ይቅርታ። አንድ ያልጨረስኩት ንባብ አለ።»

«ሰኞ ይደርሳል» አለ ሳይዞር። ድምፁ ይሻክራል፤ ጫፉ ላይ ይጠፋል።

«ሰኞ እኔ ካርድ ክፍል ነኝ። እርስዎ ራስዎ ፈርመውበታል።»

«ደሞዝሽ አይነካም። ተነጋግሬበታለሁ።»

«ስለ ደሞዝ ማን ጠየቀዎት?» ታብሌቱን ፊቱ አስቀመጠችው። «ወንድ። አርባ አንድ ዓመት።»

ዶክተሩ ጽሑፉን አየና እጁን ከጠረጴዛው ላይ አነሳ፣ እንደገና መለሰው። 

«ይህ እጅሽ እንዳይገባ ከሐሙስ ጀምሮ ብዬ ነበር የጻፍኩላቸው» አለ።

«ቢሮ ነው። ሰኞ ይቀላቸዋል።»

«የማን እንደሆነ...»

«ስምንት ዓመት ሙሉ ጆሮዬ ውስጥ ተቀምጠው ሲያበቁ፣ ስሜን ካልጻፍኩ አታውቀኝም ብለው ነው?»

አሁን ዞረ። ዓይኖቿን አየ፤ አራት ወር የሸሻቸውን ዓይኖች፤ ከዚያ ቶሎ ወደ መስኮቶቹ መለሰ። «ካልተናገርኩት አይታየኝም» አለ። «አሥራ ሁለት ዓመት እየተናገርኩ ነው ያነበብኩት። ዝም ብዬ ሳየው ጥላ ነው፣ ነገ ይጠፋል እላለሁ። ለዚህ ነው የተናገርኩት።»

«ስንት ነው የቀረው?»

«ሕክምና ካልጀመርኩ ስድስት ወር። ከጀመርኩ... ዓመት፣ ዓመት ከምናምን። የሚድን አይደለም። አታልቅሺ።»

«አላለቀስኩም። ለምን አልጀመርክም?»

«አልጀመርክም» ነው ያለችው። ከአራት ወር በኋላ «አንተ» ሳታስበው አፏ ውስጥ ተመልሶ ገባ። እሱም ሰማው፤ ፊቱ እንደተመታ ሰው ተጨማደደ።

«አባቴ በዚሁ ነው የሄደው። መጀመሪያ የሄደው ድምፁ ነው። ቤታችንን የሚሞላ ድምፅ ነበረው፤ መጨረሻ ላይ እማዬ ውሃ ይሁን ትራስ የሚጠይቃት መለየት አቅቷት ትጨነቅ ነበር። የኔም ጀምሮታል፤ ዕጢው የድምፄን ነርቭ ተጭኖታል። አንቺ ደግሞ...» ቆመ፣ ትንፋሹን ሰበሰበ። «አንቺ የወደድሽው ይሄን ድምፅ ነው። በየቀኑ እያነሰ ሲሄድ፣ በየቀኑ በጆሮሽ እየሰማሽው፣ እንዴት አደርግሻለሁ? ማሽኑ ይሻላል አልኩ። ማሽኑ ካልሰማኝ ‹ይድገሙ› ይለኛል እንጂ አያለቅስልኝም።»

አንዳንድ ሴት እዚህ ጋ አንገቱ ላይ ተጠምጥማ ታለቅስ ነበር። የኛዋ ግን ደሟ ፈላ።

«አራት ወር እናትህን ስረግም ከረምኩ!» አለች። «ታውቃለህ? ምንም ያላደረጉኝን ሴት! አራት ወር መስታወት ፊት ቆሜ ምኔ ነው ያነሰው ስል፣ ጫማዬ ነው፣ አነጋገሬ ነው፣ ሰፈሬ ነው ስል! አንተ እዚህ ጨለማ ውስጥ ስድስት ወር ቀረኝ ብለህ ትቆጥራለህ፤ አሥር ነበረን እኮ! ከአሥሩ አራቱን ብቻህን በላኸው። ማን ፈቀደልህ?»

«ላድንሽ ብዬ ነው...»

«ከምን? ከልቅሶ? አለቀስኩ እኮ! በየቀኑ አለቀስኩ! ምክንያቱን ሳላውቅ አለቀስኩ። ማልቀሴ ካልቀረ ምክንያቱን ብትሰጠኝ ምን ነበረበት?»

  ዶክተሩ ግንባሩን ጠረጴዛው ላይ ደፋ፤ ኮቱ የሰፋበት ትከሻ ይንቀጠቀጥ ጀመር። እሷ ወደ ቀኙ ትከሻ እጇን ሰዳ ጉብ ያለችውን አጥንት በጣቷ አገኘቻት። ቁጣዋ አልበረደም፤ እጇ ግን ከዚያ አልተነሳም።

«ፈርቼ ነው» አለ ከጠረጴዛው ላይ ሳይነሳ። «ላንቺ ብዬ የምለው ውሸቴን ነው። ፈርቼ ነው።»

«እኔም ፈርቻለሁ» አለች። «ግን ለብቻ ለብቻ መፍራት ይብቃን።»

ወንበር ሳበችና አጠገቡ ተቀመጠች። ታብሌቱን ወደ እሱ ገፋችው፤ ባዶውን የስም ቦታ ነካችው፤ ማሽኑ ለመስማት ተዘጋጀ።

«ተናገር።»

«ጻፊው አንቺ።»

«አልጽፍም። ስምህን ከአፍህ ነው የምፈልገው።»

ስሙን ተናገረ። ማሽኑ «አልተሰማም፤ እባክዎ ይድገሙ» አለ። ደገመው፤ ግማሹን ያዘ፣ ግማሹን ጣለ። ሦስተኛ ጊዜ ሲሞክር ሳል አቋረጠው። ተነስታ ብትጽፈው ሁለት ሰከንድ አይፈጅባትም፤ ሠላሳ ስህተት ስታርም የከረመች እጅ ነች። ጥርሷን ነክሳ እጆቿን ጭኖቿ ሥር ደበቀቻቸው። አራተኛ ጊዜ ቀና ብሎ ተቀመጠ፣ አየር ሳበ፣ ስሙን ከነአባቱ ስም በዚያ በተሰበረ ድምፅ ጠራው። ፊደሎቹ አንድ በአንድ መጥተው ባዶውን ሞሉት። ሁለቱም ጽሑፉን አዩት፤ ከዚህ ወዲያ የማን ራጅ ነው የሚል የለም።

ስሙ እንደገባ ማሽኑ ሌላ ገጽ ከፈተ። «የታካሚው የቅርብ ተጠሪ።» ይህን እሱ ሳይጠይቃት በእጇ ሞላችው፤ የገዛ ስሟን። ቀጥሎ «ዝምድና» ይላል፤ ከሥሩ ዝርዝር አለ፤ እናት፣ አባት፣ ሚስት፣ ባል፣ ልጅ፣ ወንድም፣ እህት፣ ሌላ። ትንሽ አመነታች። ከዚያ «ሌላ» የሚለውን ነካች። ምን ታድርግ፣ የሚታይና የሚጨበጥ ነገር የላቸውም።

ዶክተሩ እጁን አነሳ። ማያውን ነካ፤ «ሌላ» የሚለው ጠፍቶ «ሚስት» የሚለው ተመረጠ።

«መዝገብ ላይ ውሸት አይጻፍም» አለች፤ ድምፁ ግን የእሷ አይመስልም ነበር።

«አውቃለሁ» አለ፣ እንደ ትንፋሽ በቀረች ድምፅ። «ውሸት አታድርጊዋ።»

«እናትህስ?»

«ነገ አብረን እንነግራታለን። መጀመሪያ ስለ ራጁ፣ ከዚያ ስለ አንቺ። የትኛው እንደሚያስለቅሳት እናያለን።»

እንዲህ ባለ ቀን ደግሞ ሳቅ ይመጣል! ሁለቱም ሳቁ፤ የእሱ ሳቅ ድምፅ አልነበረውም። ከዚያ እጁን ይዛ ጣቱን «ላክ» የሚለው ላይ አሳረፈችው፤ እሱ ነው የተጫነው። ንባቡ ወደ ዕጢ ሐኪሙ ሄደ።

«ሚስት» የምትለዋን ይህችን ቃል ስንት ዓመት ጠብቃታለች። በጠዋት አውቶብስ ውስጥ፣ በምሳ ሰዓት ብቻዋን፣ «አንድ ቀን ሚስቴ ይለኝ ይሆናል» ብላ ደስታዋን አስቀድማ ስታጣጥም ኖራለች። ዛሬ ቃሏ መጣች፤ ደስታውም ያለ ይሉኝታ ተከትሏት መጣ። ጸሐፊዋን ያስፈራትም ደስታው ነው። ሐዘኑን ትችለዋለች፤ አራት ወር ተለማምዳዋለች። እንዲህ እየተደሰተች ሰውየውን እንዴት እንደምትቀብረው ግን አላወቀችም።